በአራተኛው ወንበር ስክሪን ምክንያት ስለታገደችው ልጄ

ለወጣቶች መዝናኛ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ቀን፦ መጋቢት 9

ጉዳዩ፦ በኮምፒዩተር የመኪና እሽቅድምድም ውድድር በልጄ ላይ የተላለፈው የአንድ ዓመት እገዳ እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ከማዕከሉ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰዓት ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ማመልከቻ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ጸሐፊ ያልቀጠርኩት ጉዳዬ ከእርስዎ ጆሮ በፊት ሌላ ጆሮ እንዳይደርስ ብዬ ነው። ባለቤቴ የገዛ ጥላህን አታምንም ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ የነገሩም መነሻ ይኸው ጠባዬ ስለሆነ ክቡርነትዎ ከወዲሁ ቢያውቁት ይሻላል።

1. ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በማዕከሉ «ፍሬን የለሽ» በሚለው ቅጽል ስሟ ያውቋታል። ሦስት ዓመት ሙሉ የለፋችው ማዕከሉን ወክለው የሚወዳደሩ አምስት ተጫዋቾች የሚመረጡበት ቡድን ውስጥ ለመግባት ነው። ቡድኑ ሃያ ዓመት የሞላውን አይቀበልም። እገዳው ሲያበቃ እሷ ሃያ ሞልቷታል። የውድድር ኮሚቴው አንድ ዓመት ብሎ ጻፈ እንጂ ለእሷ የዕድሜ ልክ ነው።

2. ከግማሽ ፍጻሜው ሁለት ሳምንት በፊት ልጄ በአራተኛው ወንበር ስትጫወት ምስሉ እንደሚቀደድባት ነገረችኝ። ክቡርነትዎ ይህን ጨዋታ የማይከታተሉ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ወንበር ስክሪን በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ምስል ያድሳል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ አንዴ ሰባ፣ አንዴ ዘጠና ምስል ይልክለታል። ሁለቱ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ያለፈው ምስል ከላይ፣ አዲሱ ከታች ሆነው በአንድ ጊዜ ይታያሉ። መኪናው ወገቡ ላይ ተቆርጦ የተንሸራተተ ይመስላል።

3. ጉዳዩን ላጣራ ወደ ማዕከሉ መጣሁ። ዓይኔን መጀመሪያ የጣልኩት ቴክኒሽያኑ ላይ ነው። ሰውዬው አይናገርም። ቁልፉን ከወገቡ አይፈታም። ከልጄ ጋር የምትጋጠመው ልጅ ደግሞ የጎረቤቱ ልጅ ናት፤ በር ላይ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሲያስገባት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እሷ የምትለማመድበት ሁለተኛው ወንበር ላይ ምስሉ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ነገሩ ሸተተኝ።

4. በውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ልጄ በሚስጥር ቁጥሯ ኮምፒዩተሩን ከፍታ ስትለማመድ ቆየችና ውሃ ልትጠጣ ወጣች። እኔ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። በስልኬ ከተመለከትኩት ቪዲዮ የተማርኩትን ይዤ፣ ኮምፒዩተሩ ምስል ከመላኩ በፊት ስክሪኑን እንዲጠብቅ የሚያደርገውን ምርጫ አበራሁት። መቀደዱ ወዲያው ቆመ። ደስ አለኝ፤ የቆመ ሰዓት ያስነሳሁ ያህል። ለማንም አልተናገርኩም። ለልጄም ቢሆን አልነገርኳት፤ ወሬው ከእሷ አፍ ወጥቶ ቴክኒሽያኑ ጋ ከደረሰ ያጠፋብናል ብዬ ፈራሁ።

5. በውድድሩ ቀን አዳራሹ በሰው ተጨናንቆ፣ ሙቀቱ አያድርስ ነበር። ኮምፒዩተሩም ግሎ በሰከንድ ስልሳ ምስል ማድረስ አቃተው። ያ እኔ ያበራሁት ምርጫ ደግሞ ስልሳው ካልሞላ አንዱን እየዘለለ ወደ ሠላሳ ያወርደዋል። ይህን አላውቅም ነበር። ልጄ መሪውን ታዞራለች፣ መኪናው ዘግይቶ ይዞራል። በሦስተኛው ዙር ከግድግዳው ጋር ተላተመች። እጆቿን ከመሪው አንስታ ገልብጣ ተመለከተቻቸው። ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቴክኒሽያኑን አጭበርባሪ አልኩት። ማሽኑ አሁኑኑ ይመርመር ብዬ የጮህኩትም እኔው ነኝ።

ተመረመረ። ምርጫው የተቀየረው በዋዜማው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ፣ በልጄ የሚስጥር ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ኮሚቴው ስትሸነፍ ሰበብ እንዲሆናት ራሷ ቀይራዋለች ብሎ ደመደመ። ልጄ አልነካሁም ብላ ማለች፣ ተገዘተች፤ የሚሰማት ጠፋ። ያን ጊዜ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አሥራ አንድ ቀን ከእሷ ጋር አንድ ገበታ እየቀረብኩ ዝም አልኩ። በዚህ አፍራለሁ።

6. ዝም ያልኩት እስካጣራ ነው ብዬ ራሴን አታልል ነበር። እኔ ካደረግሁት በላይ ቴክኒሽያኑ የጨመረው ተንኮል አይጠፋም አልኩ። በዘጠነኛው ቀን ሄጄ አፋጠጥኩት። ይሳለቅብኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ሳበልኝ። የአዳራሹ ስክሪኖች ራሳቸው ኮምፒዩተሩን የሚከተሉበት ምርጫ እንዳላቸው አሳየኝ፤ ኮምፒዩተሩ ሰባም ላከ ሃምሳ፣ ስክሪኑ በዚያው ልክ ያድሳል። የአራተኛው ወንበር ስክሪን ከጥገና ሲመለስ ግን ያ ምርጫ ሳይበራ ቀርቷል፤ ፍጥነቱም ስልሳ ላይ ተትቷል። ይህ የማዕከሉ ጉድለት መሆኑን ሳልጠቅስ አላልፍም። እኔ በዋዜማው ያደረግሁትን ስነግረው ደግሞ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ምስሉን አስተካከሉላት፤ እጇን ግን አዘገዩባት።»

ሙያዬ ነው ያሳሳተኝ። ሰዓት ምቱ እኩል ከሆነ ደኅና ነው፤ ማንም በእጁ እየነዳው አይሄድም። መኪናውን የሚነዳው የልጄ እጅ መሆኑ ትዝ አላለኝም። ቴክኒሽያኑ በሰው ፊት ያዋረደውን ሰው ለምን ወንበር ስቦ እንዳስቀመጠ እስካሁን ይከነክነኛል። የሆነው ሆኖ በስሙ ላይ የተናገርኩትን በሙሉ አንስቻለሁ፤ በአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ይለጠፍልኝ።

7. ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ታውቆ የልጄ እገዳ እንዲነሳ፣ የአራተኛው ወንበር ስክሪን ተስተካክሎ ግማሽ ፍጻሜው እንዲደገምላት፣ እገዳ የግድ ካስፈለገም በእኔ ላይ እንዲሆን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ይህን ማመልከቻ እዚህ ድረስ ከጻፍኩ በኋላ ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ለልጄ አነበብኩላት። አልቅሳ ወይም ተቆጥታ ቢሆን እመርጥ ነበር። ስጨርስ ሦስተኛውን ቁጥር ድጋሚ አንብብልኝ አለች። አነበብኩላት።

«አባዬ፣ ያን ቀን ልታጣራ የመጣኸው ስክሪኑን ነው ወይስ እኔን?»

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ከላይ ዓይኔን መጀመሪያ የጣልኩት ቴክኒሽያኑ ላይ ነው ብዬ የጻፍኩት ሐሰት ነው። ምስሉ ይቀደዳል ስትለኝ ለሽንፈቷ ከአሁኑ ሰበብ እያዘጋጀች ነው ብዬ ነበር። ሁለት ቀን ከኋላዋ ቆሜ በስልኬ ቀርጬ፣ ቪዲዮውን እያዘገየሁ ተመልክቼ፣ መቀደዱን በዓይኔ ሳየው ነው ያመንኳት። ከዚያ በኋላ ነው የምጠረጥረው ሌላ ሰው የፈለግሁት። ኮሚቴው በአንድ ቀን ያደረገባትን እኔ አባቷ ቀድሜ አድርጌባታለሁ።

ይህንኑ ነገርኳት። «ይህንንም ጻፈው» አለች። ጽፌዋለሁ።

ውድድሩ የሚደገም ከሆነ በዕለቱ አዳራሹ አልገባም፤ ከግቢው በር ውጭ እቆማለሁ። የውጤቱ ቅጂ እንዲሰጠኝም አልጠይቅም። ወጥታ የምትነግረኝን እቀበላለሁ።

ከአክብሮትና ከእፍረት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሰዓት ጠጋኙ፣ የፍሬን የለሽ አባት

ግልባጭ፦
ለውድድር ኮሚቴው
ለማዕከሉ ቴክኒሽያን