ለሁለቱ ሊቀመንበሮቻችን፤ ማንም ሊያወርደው ስላልቻለው አንድ ጨርቅ

ለክቡር አቶ ኣክሊሉ፣ የሆሎዌይ ሐበሻ መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ለክቡር አቶ ሳህለ፣ የሆሎዌይ ሐበሻ መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር

(የማን ስም ይቅደም የሚለውን የወሰንኩት ሳንቲም ወርውሬ ነው። ታዛቢ ነበረኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ባርኮት። ከማንኛችሁም ወገን አይደለም፣ የአርሴናል ደጋፊ ነው።)

ሆሎዌይ፣ ቅዳሜ ኖቬምበር 11 ቀን 2006

ክቡራን ሆይ፣

እንደምን ሰንብታችኋል? የአቶ ኣክሊሉ ጉልበት ብርዱን እንዴት ቻለው? የአቶ ሳህለ ደም ግፊትስ ረገብ አለ? ከአገር ቤቱ ምርጫ ወዲህ እርስ በርሳችሁ መጠያየቅ ስላቆማችሁ፣ የሁለታችሁንም ጤና የመጠየቁን ሥራ እኔ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ። እኛ ደህና ነን። እናቴ ወይዘሮ መሠረትም ሰላም ብላችኋለች፤ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ግን አታውቅም።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት፣ በፍጹም ጸጸት የምናዘዘው አንድ ኃጢአት አለብኝ። ባለፈው ሰኞ እማማ ጸሃይነሽን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አግኝቼ፣ ፊቴን ጥቁር አድርጌ፣ የጎረቤታችን የሚስ ዶሪን ወንድም እኮ ሞቷል ብያቸዋለሁ። አልዋሸሁም። የሚስ ዶሪን ወንድም ሌናርድ በእርግጥ ሞቷል። ሳልናገር የቀረሁት ነገር ቢኖር የሞተበትን ዓመት ብቻ ነው፤ 1944። እማማ መቼ ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም ታላቅን ማቋረጥ ነውር ነው ተብዬ ስላደግሁ የለቅሶ ጩኸታቸውን አላቋረጥኩም።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አስረዳለሁ። ተራ ቁጥሩ የእኔ ሐሳብ አይደለም። የቅዳሜ የአማርኛ አስተማሪያችን እትዬ ሮማንወርቅ «ለባለሥልጣን የሚቀርብ አቤቱታ፣ በተራ ቁጥር፣ በአክብሮት የተሞላ» የሚል የቤት ሥራ ሰጥተውናል። ስለዚህ አክብሮቱ ቢበዛባችሁ ጥፋቱ የእሳቸው ነው።

አንደኛ፤ ስለ ግድግዳው።

ማኅበራችን በተከራየው አዳራሽ ውስጥ፣ ከመድረኩ በላይ፣ ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ አለ። ከዚህ ሠፈር ወጥተው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች የቀሩ ሰዎች ስም በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል። ከዚህ ሰሌዳ ሥር ዐሥር ዓመት ሙሉ ሰርግ ደግሰናል፣ ክርስትና በልተናል፣ ተሰብስበን ተኮራርፈናል፤ ቀና ብሎ ያነበበው ግን አልነበረም። አቶ ኣክሊሉ እንዲያውም አንድ ጊዜ የአዳራሹ የቀድሞ ሊቀመንበሮች ዝርዝር ነው ብለው ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። ለአንድ አዳራሽ ያን ያህል ሊቀመንበር ምን ያደርግለታል ብዬ ገርሞኝ ነበር። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ማኅበሩን ገና በደንብ አላውቀውም።

እኔ ግን አንብቤዋለሁ። ስብሰባችሁ ሲረዝም ሌላ የሚነበብ ነገር ስላልነበረ፣ ማንበብ የለመድኩት በዚያ ሰሌዳ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህም ማኅበሩን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጨርቁ።

ከምርጫው ሁለት ሳምንት በፊት፣ በፋሲካ፣ ሁለታችሁ በአንድ መሰላል፣ አንዳችሁ ሚስማር እያቀበላችሁ ሌላችሁ በመዶሻ እየመታችሁ፣ «እንኳን ወደ አንድነት በዓላችን በደህና መጣችሁ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ልክ በሰሌዳው ላይ ቸነከራችሁ። በዓሉ አማረ፤ ተበላ፣ ተጨፈረ። ከዚያ ምርጫው መጣ። ቀጥሎ ውጤቱ መጣ ወይም አልመጣም፤ በዚህ ነጥብ ላይ አስተያየት እንዳልሰጥ እናቴ አስምላኛለች። ማኅበሩም፣ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሊቀመንበር ይዞ፣ ለሁለት ተከፈለ። የአቶ ሳህለ ወገን በፊት በር በኩል፣ የአቶ ኣክሊሉ ወገን በወጥ ቤቱ በኩል መቀመጥ ጀመረ።

ጨርቁ ግን እዚያው ቀረ። ምክንያቱም ጨርቁን ያወረደ ወገን አንድነትን ያፈረሰ ተብሎ በታሪክ ይመዘገባል። ይኸው ሰላምታ የማይለዋወጡ ሁለት ወገኖች የአንድነታቸውን ጨርቅ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሲጠብቁ ዓመት ከመንፈቅ ሆናቸው። እንዲህ ያለ ትጋት በሌላው ሥራችን ላይ ቢታይ ኖሮ የሽንት ቤቱ መብራት ዛሬም ይሠራ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ሚስ ዶሪን።

ሚስ ዶሪን ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ የሠፈሩ አስተዳደር በሚያከራየው የካውንስል ሕንፃ፣ ከእኛ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ናቸው። በየዓመቱ በኖቬምበር፣ ሰዉ ሁሉ በጦርነት ለሞቱት መታሰቢያ ቀይ የወረቀት አበባ ደረቱ ላይ በሚሰካበት እሁድ፣ መንገዱን ተሻግረው አዳራሻችን ይገባሉ፤ ሰሌዳው ሥር ቆመው የወንድማቸውን ስም ያነባሉ፤ ይሄዳሉ። ሌናርድ መርከበኛ ነበር። መርከቡ ሰጥሞ አስከሬኑ አልተገኘም። መቃብር የለውም። በዚህ ዓለም ላይ ያለው ቦታ እኛ ግድግዳ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፤ ከቤተሰቡ ስም ቀጥሎ የእሱ ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ «ፊች ኤል.» ይላል።

ባለፈው ዓመት እንደ ልማዳቸው ሲመጡ ጨርቁን አገኙት። ከፊቱ ቆሙ። እናንተ በጩኸታችን ሊከሱን የመጡ መሰላችሁ። አቶ ሳህለ ሙዚቃውን አስቀነሱ። አቶ ኣክሊሉ ስለ መልካም ጉርብትና ረዘም ያለ ንግግር አደረጉላቸው። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሳህን ምግብ ተሰጣቸውና፣ በቀኝም በግራም እጃቸው ሳህን ይዘው፣ ስሙን ሳያዩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ይህን የነገሩኝ ባለፈው እሁድ ሊፍት ውስጥ ነው። ደረጃው ስለከበዳቸው ካውንስሉ ከገና በፊት ወደ ሌላ ሠፈር ያዛውራቸዋል። የዘንድሮው እሁድ የመጨረሻቸው ነው። ጨርቁ ይነሣ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ቼክ አደርጋለሁ አልኳቸው። ቼክ አደረግሁም። አቶ ኣክሊሉ እነዚያን ጠይቂ አሉኝ። አቶ ሳህለም እነዚያን ጠይቂ አሉኝ። በማኅበራችን ደንብ ከሃያ አንድ ዓመት በታች የሆነ ሰው ስብሰባ ላይ አይናገርም፤ እኔ ዐሥራ ስድስቴ ነው። ሌናርድም ሲሞት ዐሥራ ዘጠኙ ስለነበር፣ በደንባችን መሠረት ስለ ገዛ ስሙ ሐሳብ መስጠት አይችልም።

ስለዚህ አሰብኩ። ይህ ኮሚቴ አቤቱታ አይሰማም። ለቅሶ ግን ይሰማል። የተኮራረፈም፣ የተካሰሰም፣ ለቅሶ ሲባል ጥቁሩን ለብሶ ይመጣል። ለእማማ ጸሃይነሽ የነገርኳቸው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛ፤ ስለ ረቡዕ ዕለት።

ወሬው ማክሰኞ የከተማው ሌላ ጫፍ ድረስ፣ ስትሪትሃም ደርሶ ነበር። ረቡዕ ከሥራ መልስ ሁለቱም ወገን መጣ። ሊፍቱ በዚያው ቀን ስለተበላሸ፣ ድስት ያንጠለጠሉ ጥቁር ለባሾች አራት ፎቅ በደረጃ ወጡ፤ አንዱ ወገን ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ሌላው የደረጃውን መደገፊያ ይዞ። ሚስ ዶሪን በሩን ሲከፍቱ ምን እንዳሰቡ አላውቅም። እንግሊዛዊት ስለሆኑ ግቡ አሉ።

ችግሩ የሚስ ዶሪን ሳሎን በፊት በር በኩልና በወጥ ቤት በኩል የሚባል ነገር የለውም። ያለው አንድ ሶፋ ነው፤ ለሁለት ሰው። ለታላላቆች ቦታ ይለቀቅ ተባለና ሁለታችሁ እዚያ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተነካክታችሁ ተቀመጣችሁ። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። አቶ ኣክሊሉ ከአዳም ጀምሮ ስለ ሰው ልጅ ሟችነት ተናገሩ፤ በጣም አዝነዋል ብዬ ተረጎምኩ። አቶ ሳህለ ላለመበለጥ ከአዳም በፊት ጀመሩ፤ እሳቸውም በጣም አዝነዋል አልኩ።

ከዚያ እማማ ጸሃይነሽ ወንድምየው ታመው ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሚስ ዶሪን ተነሥተው ፎቶግራፍ አመጡ። የመርከበኛ ቆብ ያደረገ፣ ጆሮው የቆመ ልጅ። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሶፋው ጋ ሲደርስ፣ ሁለታችሁ ልጁን አያችሁ፣ የሰባ ሁለት ዓመቷን እህት አያችሁ፣ ከዚያ እኔን አያችሁ። እኔ ምንጣፉን አየሁ። ዓመቱን የተናገርኩት ለምንጣፉ ነው።

በዚህ አገር በዚህ ሰሞን ለሞቱት ሁለት ደቂቃ ዝም ይባላል። ማኅበራችን ሁለት ደቂቃ ዝም ሲል እስከ ረቡዕ ድረስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ዝምታውን የሰበሩት እማማ ናቸው። ያኔ ለቅሶ ማን ደረሰላቸው ብለሽ ጠይቂልኝ አሉኝ። ሚስ ዶሪን መለሱ። የመርዶው ቴሌግራም ሲመጣ እሳቸው የዐሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው አነበቡት፣ አጠፉት፣ ኮታቸውን ደርበው ወደ ፋብሪካ ሥራቸው ሄዱ። በመንገዱ ላይ ሐዘን ያልደረሰበት ቤት ስላልነበረ ማንም ወደ ማንም ቤት አልሄደም። ከዚያ ሚስ ዶሪን አንድ ነገር ጨመሩ፤ ይህንን ሳላሳጥር ነው የተረጎምኩት።

«ለሌናርድ ብሎ ቤታችን የመጣ ሰው እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ።»

እማማ ጸሃይነሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «ታዲያ ይሄ ልጅ ገና አልተለቀሰለትማ» አሉና ጀመሩ። ሚስ ዶሪን መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ፣ እንዴት እንደሆነ ሳያውቁት፣ አብረው አለቀሱ። የቀረውን እናንተም ነበራችሁበት። አቶ ኣክሊሉ መሐረብ ሲያጡ አቶ ሳህለ የራሳቸውን ሰጧቸው። አይቻለሁ። መሐረቡ እስካሁን አልተመለሰም፤ ጉዳዩ ለንዑስ ኮሚቴ እንዳይመራ እሰጋለሁ።

ስትወጡም በር ላይ ሁለታችሁም ቃል ገባችሁ። እሁድ የሌናርድ ስም ይታያል አላችሁ። እኔ ተረጎምኩ፤ ስለዚህ አሁን ውሸታም የምባለው እኔ ነኝ።

አምስተኛ፤ ስለ ትናንቱ ስብሰባ።

ሻይ ሳቀርብ ሁሉንም ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው ሐሳብ ጨርቁ መሀል ለመሀል ተቀዶ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ግማሽ ያውርድ የሚል ነበር፤ «አንድነት» የሚለው ቃል መሀሉ ላይ ስለሚቀደድ ቀረ። ሁለተኛው፣ ሲወርድ የሚያዩ ገለልተኛ ታዛቢዎች ከስትሪትሃም ይምጡ ተባለ፤ የእነሱን ገለልተኝነት የሚታዘቡ ደግሞ ከሼፈርድስ ቡሽ ይጨመሩ ሲባል ሻዩ በረደ። ሌላው፣ ስሞቹ ፎቶኮፒ ተደርገው ጨርቁ ላይ ይለጠፉ የሚል ነበር፤ ፎቶኮፒ ለማድረግ መጀመሪያ ጨርቁ መነሣት እንዳለበት ማንም አላስታወሰም። በመጨረሻም ሚስ ዶሪን ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው ጨርቁን ገለጥ አድርገው ይመልከቱ ተባለ። በሰባ ሁለት ዓመታቸው። ይህን ሐሳብ ያቀረቡትን ሰው ለክብራቸው ስል ስማቸውን አልጠራም፤ በወጥ ቤቱ በኩል ነው የሚቀመጡት። የደገፏቸው ደግሞ በፊት በር በኩል ነው የሚቀመጡት። ስምምነት ሊፈጠር ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ውሳኔው የታወቀ ነው፤ ጉዳዩ ተጠንቶ በጃንዋሪ ይቀርባል። ሌናርድ ስድሳ ሁለት ዓመት ጠብቋል፤ ለእሱ ጃንዋሪ ቅርብ ነው። ለሚስ ዶሪን ግን እሁድ ነገ ነው።

ስለዚህ ክቡራን ሆይ፣ ከእግራችሁ ሥር ዝቅ ብዬ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሚስማሮቹ አራት ናቸው። እናንተ ሁለት ናችሁ። ሒሳቡን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ለምታሳዩን ትዕግሥት፣ በአንድ ማኅበር ሁለት ሊቀመንበር በማግኘታችን ለተሰማን ኩራት፣ እንዲሁም እኛ ልጆቻችሁ አስታራቂ ሆነን እንድናድግ ለሰጣችሁን የማያቋርጥ የልምምድ ዕድል ከልብ እያመሰገንኩ፣ የመናገር መብቷን ለማግኘት አምስት ዓመት የቀራት ታዛዥ ልጃችሁ ነኝ።

ዳናዊት መሠረት
(የእናቴን ስም የጻፍኩት ለአቤቱታው ክብደት እንዲሰጥ ነው። እባካችሁ አትንገሯት።)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፍ ስገባ አዳራሹ ባዶ ነው፤ መሰላሉም መድረኩ አጠገብ ቆሟል። የማኅበራችን ደንብ ከሃያ አንድ ዓመት በታች መናገርን እንጂ መሰላል መውጣትን አይከለክልም። ቼክ አድርጌያለሁ።

ሁለተኛ ድኅረ ጽሑፍ፣ ከመሰላሉ ከወረድኩ በኋላ የተጨመረ፦ ሦስቱን ሚስማር ነቅዬ አራተኛው ላይ ሳለሁ፣ በፊት በር በኩል አቶ ሳህለ ፒንሳ ይዘው፣ በወጥ ቤቱ በኩል አቶ ኣክሊሉ ካቻቢቴ ይዘው፣ ሁለታችሁም ብቻችሁን፣ ሁለታችሁም እንደ ሌባ በጫማችሁ ጫፍ እየተራመዳችሁ ገባችሁ። ተያያችሁ። ፒንሳውም ካቻቢቴውም ኪስ ገባ። ማንኛችሁም ለምን እንደመጣችሁ አልተናገራችሁም፤ እኔም አልጽፈውም። መሰላሉ ሥር ደርሳችሁ አብራችሁ ቀና ስትሉ አራተኛው ሚስማር ለቀቀ። በቃለ ጉባኤው ላይ «በራሱ ወደቀ» ተብሎ ይያዝልኝ። ከላይ «ፊች ኤል.» ወርቁ ሳይደበዝዝ ብቅ አለ። ከታች የአንድነት በዓላችን ጨርቅ ሁለታችሁንም ከራስ እስከ እግር ሸፍኗችሁ ነበር። ከውስጡም፣ ከምርጫው ወዲህ በአንድ ድምፅ ያወጣችሁት የመጀመሪያው የጋራ መግለጫ ተሰማ፤ ለታሪክ እንዲቀመጥ እንዳለ አስፍሬዋለሁ፤

«ዳናዊት!»