አይሰማም ያልኩት ተከላካይ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1974

ልምምድ ነበር። ሜዳው ገና አልደረቀም። በላይኛው ጎል ፊት ለፊት አሁንም ጭቃ ነው። ፋብሪካችን ለቡድኑ አንድ ገልባጭ አሸዋ ቢያመጣ ምን ነበረበት? ስንቴ ለመንኩ።

አዲሱ መሀል ተከላካይ መጣ። ቶለሳ ይባላል፣ ከአሰላ። ቁመቱ የስልክ እንጨት። አርባ አምስት ቀን ሙከራ ተሰጥቶታል። ካለፈ ማቅለሚያ ክፍል ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ ለቡድናችን ይጫወታል። ካላለፈ... የአሰላ አውቶቡስ። እናቱንና ሁለት እህቶቹን የሚረዳው እሱ ነው አሉ።

አሰልጣኝ መዝገቡ ጠራኝ። «ይገዙ፣ አንተ አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ቦታ የቆምክ ሰው ነህ። ገምግመው» አለኝ። ምክትል አሰልጣኝ ማለት ይኸው ነው፤ ኳስ መንፋትና ሰው መገምገም።

ከጎኑ ሆኜ «እንኳን ደህና መጣህ» አልኩት። ዝም። አልፎኝ ሄደ። ኩራተኛ ነው እንዴ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 5

ልጁ ይችላል። መካድ አይቻልም። ለቴስታ ሲነሳ ሌላው ገና ጉልበቱን እያጠፈ ነው። አይቸኩልም። ኳሱ የሚወድቅበት ቦታ ቀድሞ ደርሶ ቆሞ ይጠብቃል። ይኼ ነገር በትምህርት አይመጣም። ወይ አለህ፣ ወይ የለህም። እኔ አልነበረኝም። እኔ የነበረኝ ጉሮሮ ነው።

ግን ስጮህበት... «ውጣ! ወደፊት ውጣ!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪቃጠል። ንቅንቅ የለም። አንዳንዴ ጭራሽ እኔ በሌለሁበት በኩል ዞሮ ያያል። ያሾፍብኛል?

ቤት ስገባ ሠርካዲስ «ዛሬ ደግሞ ድምፅህን የት ጥለኸው መጣህ?» አለችኝ። ሃያ ዓመት አብራኝ ኖራ አሁንም ትጠይቃለች።

እሁድ፣ ጥቅምት 15

የወዳጅነት ጨዋታ። 1 ለ 0 ተሸነፍን፣ ያውም በራሳችን ሰው።

ረጅም ኳስ መጣች። በረኛችን ሳቢት ወጣ። «የኔ! የኔ!» እያለ ነው የወጣው። እኔ ከመስመር ውጪ ሆኜ ሰምቻለሁ። አዲሱ ገበያ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ቶለሳ ግን ዘለለና በቴስታ ገጫት... ኳሷ የራሳችን ጎል ውስጥ። የሳቢት ከንፈር ደግሞ በቶለሳ ጭንቅላት ተሰነጠቀ።

«እየጠራሁት! ሆን ብሎ ነው!» ይላል ሳቢት፣ ደም እየተፋ። ቶለሳ ራሱን ይዞ ቆመ። «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ከማለት ሌላ አንዲት ቃል አልወጣውም።

ተናደድኩ። ይኼን ስጽፍም እንደተናደድኩ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 16

ግምገማውን ጻፍኩ። ቅጹ ሦስት ቦታ አለው፤ ችሎታ፣ ሥነ ሥርዓት፣ ንቃት። ችሎታ ላይ «በጣም ጥሩ» አልኩ። ስለ ፖለቲካ ንቃቱ ምን አውቃለሁ? «ወደፊት ይሻሻላል» ብዬ አለፍኩ። ሥነ ሥርዓት ላይ «ትእዛዝ አይሰማም» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ስጽፈው ደስ ብሎኛል።

ለስፖርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ለጓድ ፀሐዬ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። በቀይ እስክሪብቶ አሰመረበት። «ጥሩ ነው ጓድ ይገዙ» አለ። «ትእዛዝ የማይሰማ ሰው አደጋው ሜዳ ላይ ብቻ አይደለም። ኅዳር 17 ሂስና ግለ ሂስ ስናደርግ ይቀርባል። ያን ቀን እንወስናለን።»

ቀዩ መስመር ትንሽ ከበደኝ። ለልጁ ያሰብኩት ያንን ያህል አልነበረም... ግን ጽፌዋለሁ። በቃ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 24

ልምምድ። ነፋስ። ቶለሳን አላናገርኩትም፣ እሱም አላናገረኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 3

ዛሬ ለጥቂት ነው የተረፍነው።

ከልምምድ በኋላ ወደ አዲሱ ገበያ በእግር ወጣን። መንገዳችን አንድ ነው፣ መሸሽ አይቻልም። እኔ በግራው ሆንኩ። ዞረና በቀኙ አደረገኝ። ትንሽ ሄደን ጭቃ ለማለፍ እንደገና በግራው ሆንኩ። እንደገና ዞረ። «ምን ያዞርሃል?» ልለው አፌን ስከፍት ከኋላችን የጭነት መኪና ክላክስ አደረገ። ሰው ሁሉ ወደ ዳር ሸሸ። እሱ ወደ መሀል መንገድ ዘለለ! ወደ መኪናው!

በጃኬቱ ጎትቼ አወጣሁት። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ሰደበን። ይስደበን።

«የትኛው ጆሮህ ነው?» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ምናልባት ያን ሁሉ ቀን አይቼ ያላየሁት አንድ ላይ መጣብኝ።

ጃኬቱን አስተካከለ። «ግራው፣ ጋሼ።»

በሰባት ዓመቱ ጆሮ ደግፍ ያዘው። እብጠቱ ሄደ፣ ጆሮውንም ይዞት ሄደ። ቀኙ ደህና ነው። ግን በአንድ ጆሮ ድምፅ ከየት በኩል እንደመጣ መለየት አይቻልም አለኝ። ይኼን አላውቅም ነበር። አሰላ ለነበረበት ቡድን እውነቱን ተናገረ፣ በሳምንቱ አሰናበቱት። «ስለዚህ እዚህ ዝም አልኩ። እባክዎ ለማንም አይንገሩብኝ።»

እኔ ግን «አይሰማም» ብዬ ጽፌያለሁ። ልክ ነው፣ አይሰማም። ጓድ ፀሐዬ ያነበበው ግን ሌላ ነው። እኔም ስጽፈው ያሰብኩት ሌላ ነው። ወይ ጉድ! በገዛ እጄ።

አርብ፣ ኅዳር 4

ምን ላድርግ? ዝም ብል እምቢተኛ ተብሎ ይባረራል። ብናገር ጤናው ያልተሟላ ተብሎ ይባረራል። ከድጡ ወደ ማጡ።

ለሠርካዲስ ነገርኳት። «አንተ እኮ ስለጮህክ ብቻ ሰው የሰማህ ይመስልሃል» አለችኝ። «ልጁን አንድ ቀን ጠርተህ ለምን እንዲህ ትሆናለህ ብለህ ጠይቀኸዋል?»

አልጠየቅኩም።

«ታዲያ!» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ይቺ ሴት...

ቅዳሜ፣ ኅዳር 5

ቁርስ ላይ ነው የታየኝ። ቶለሳን ከሁለቱ መሀል ተከላካዮች በቀኝ በኩል አቁመነዋል። ማለትም የማይሰማው ጆሮ ወደ ጓደኛው፣ የሚሰማው ወደ አጥሩ! ከአጥሩ ጋር ምን ይነጋገራል?

ወደ ግራ አዛወርኩት። መዝገቡ «ለምን?» አለኝ። «ልየው ብዬ ነው» አልኩ። ቀኝ እግረኛ ስለሆነ መጀመሪያ ትንሽ ተቸገረ። ከዚያ ለመደው።

«ለሳቢት ግን መናገር አለብህ። ከኋላህ የሚቆመው እሱ ነው» አልኩት። ሄዶ ነገረው። ከሩቅ አያቸዋለሁ። ሳቢት ከንፈሩን ነካ። «ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም ነበር? በከንቱ ነው የተሰነጠቅኩት!» ሲል ሰማሁ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ራሳቸው ዘዴ ፈጠሩ፤ ሳቢት «የኔ!» ሲል በቶለሳ ቀኝ ያለው ተከላካይ ተቀብሎ ይደግመዋል። አንዴ ከኋላ፣ አንዴ ከጎን። ቀላል ነገር። ሁለት ጊዜ መባል ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

እሁድ፣ ኅዳር 13

ከብስኩት ፋብሪካው ቡድን ጋር 0 ለ 0። እነዚያ በየጨዋታው ሦስት የሚያገቡ ናቸው! የቶለሳ ጨዋታ... ምን ልበል? ዘጠና ደቂቃ አንዴም አልተንሸራተተም፣ ማልያው ንጹሕ እንደሆነ ወጣ። ጭቃ የሚነካው የዘገየ ተከላካይ ነው። እኔ ሁሌ ጭቃ በጭቃ ነበርኩ፣ ሰው ደግሞ ያጨበጭብልኝ ነበር።

አንዴም አልጮህኩም። ማለቴ... ሁለት ጊዜ።

ሲያልቅ ለብቻው ጠራሁት። በቀኙ ሆኜ። «ሐሙስ ስብሰባ ላይ እውነቱን ልናገር? ጆሮው ያንተ ነው። አንተ ካልፈቀድክ አልናገርም።»

«ቢያባርሩኝስ?»

«ሊያባርሩህ ይችላሉ።» አልዋሸሁትም።

ጫማውን ፈታ። ጭቃውን በእንጨት ፋቀ። አንዱን ጨርሶ ሌላውን ጀመረ። «ይናገሩ» አለ በመጨረሻ። «ባለጌ ተብዬ ከምሄድ ደንቆሮ ተብዬ ልሂድ።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 17

ስብሰባው ሞልቶ ነበር። ጓድ ፀሐዬ የኔን ግምገማ አወጣና አነበበ። «ትእዛዝ አይሰማም» ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ። ቶለሳ መጨረሻ ወንበር ላይ ነው። ከንፈሬን ያያል፣ የሰብሳቢውን አይደለም።

ተነሳሁ። «ግለ ሂስ አለኝ» አልኩ። ሰው ዞሮ አየኝ። እዚያ አዳራሽ ስንት ዓመት ተቀመጥኩ፣ «ሰዓት አርፍጄ አውቃለሁ» ከማለት ሌላ ግለ ሂስ አድርጌ አላውቅም። ሁላችንም እንደዚያ ነን።

«አይሰማም ያልኩት ልክ ነው። ግራ ጆሮው አይሰማም። እኔ ግን እምቢ ባይ ነው ብዬ ነው የጻፍኩት። ሳልጠይቀው ጻፍኩ። ስሙን አጠፋሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።» ፈርቻለሁ።

ጓድ ፀሐዬ መነጽሩን አወለቀ። «ጤናው ያልተሟላ ሰው እንዴት አድርገን ቋሚ እናደርጋለን?»

ሳቢት እጁን ሳያነሳ ተነሳ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ ልጁ በቴስታ ነው የሚጫወተው። በጆሮ አይደለም።»

አዳራሹ ሳቀ። ጓድ ፀሐዬም ሊስቅ ምንም አልቀረው፣ ግን ዋጠው። «እሺ። ዋስ የሚሆን አለ? በዚህ ልጅ ምክንያት ቡድኑ ቢጎዳ ከሥራው የሚነሳ?»

እጄ ተነሳ። መዝገቡ ጎኔን በክርኑ ጎሸመኝ፤ ተው ማለቱ ነው። ፈረምኩ። ለተሳሳተው ግምገማ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። በሰኔ መዝገቡ ሲለቅ ቦታው ያንተ ነው ይሉኝ ነበር። እንግዲህ ያ ቀረ። ከፋኝ፣ አልደብቅም።

ቶለሳ አለፈ። ከነገ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነው። ውጪ ቆሞ ጠበቀኝ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝኩት። «ለእናቴ ልጻፍላት» አለና ሮጠ። እኔ ከግንቡ ጀርባ ሄጄ ትንሽ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 26

ሳምንቱን ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። ዛሬ ጠዋት የድሮ የግምገማ ደብተሮቼን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ። አቧራቸውን አራግፌ አንድ በአንድ አየሁ። «አይሰማም» ብዬ የጻፍኩት ቶለሳ ላይ ብቻ አይደለም። ከእሱ በፊት አራት ሰው ላይ ጽፌያለሁ። አራት! አራቱም ሙከራውን አላለፉም።

ሦስቱ የት እንደገቡ አላውቅም። አራተኛው ሸፊ ነው፣ በ67 በክንፍ ሲሞከር የነበረው። አሁን ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ ይሸጣል። በሱቁ ደጃፍ ስንቴ አልፌያለሁ። ሰላም፣ ሰላም... ከዚያ አልፎ አንድም ቀን አልገባሁም።

ዛሬ ገባሁ። ጋቢ እያጠፈ ነበር።

«ሸፊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትቆጣ። ያኔ እኛ ጋ ስትጫወት... ጆሮህ ደህና ነበር?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ጆሮዬ? ጆሮዬማ ደህና ነበር፣ ጋሽ ይገዙ። የሚሉትን ሁሉ እሰማ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ያልኩህን አታደርግም ነበር?»

«የሚሉት ልክ ስላልነበረ ነዋ!»

መቆጣት አማረኝ። ወዲያው ደግሞ ሳቅ አፈነኝ። እሱ ግን አልሳቀም። ጋቢውን አስቀመጠና በርጩማ ሳበልኝ።

ተቀመጥኩ። «በል ንገረኝ» አልኩት።