ጨዋ ሆናብኛለች

እህት ዓለም፣ እንዴት ከረማችሁ? በካርዱ ላይ ያለውን ሐይቅ እኔም አላየሁት፤ የገዛሁት ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ነው።

አንቺ «ወንበዴዋ» የምትያት ልጄ ተሽሏታል፤ መድኃኒቱ አንጎሏን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲያጠቃ የነበረውን የገዛ ሰውነቷን የበሽታ መከላከል አቅም አብርዶላታል። አፏ ተፈቷል። ትናንት ማገገሚያ ክፍሉ ውስጥ ማንም ሳይደግፋት ተራመደች። አሠልጣኟ ደስ ብሎት ከረሜላ የሞላ ሳህን አቀረበላትና «አንድ አንሺ» አላት። አንድ ብቻ አነሳች! «አመሰግናለሁ» ብላ እጇን አጣምራ ቁጭ አለች። «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» አለኝ። የኔ ልጅ እኮ ሳህኑን መንጭቃ ነበር የምትሮጠው! ሐኪሟን ብጠይቃት፣ «የድሮ ጠባይ መጨረሻ ላይ ነው የሚመለሰው፤ አንዳንድ ልጆች ላይ ግን ጨርሶ ላይመለስ ይችላል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አጠገቧ ተቀምጬ እፈራታለሁ፤ የማንን ልጅ ይዤ እንደምመጣ እንጃ።

ቦታው አለቀብኝ። ልጆችሽን ሳሚልኝ፣ ባልሽን ሰላም በይልኝ። ስንመጣ ስኳርሽን እንደ ድሮው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ደብቂው። ወንበር ጎትታ ከሰረቀችሽ ጮኸሽ ጥሪኝ። «እትዬ፣ ልውሰድ?» ብላ ካስፈቀደችሽ ግን፣ አደራ፣ እንዳትነግሪኝ።