ባሌ ጾም ያበዛበት ዓመት

ሰኞ፣ መስከረም 27

ከሱቄ ሁለት የኪራይ ቬሎ ወጣ፣ አንዱ ተመለሰ። የተመለሰው ደረቱ ላይ የወጥ ጠብታ አለበት። ሙሽራዋ በሠርጓ ቀን በልታለች ማለት ነው፤ ጎበዝ! እኔ በሠርጌ ቀን ውሃ እንኳ አልወረደልኝም... ፈተግኩት፣ ለቀቀ።

ባሌ ቱፋ ከጊንጪ በጭነት መኪናው የጫነውን ጤፍ አዲስ አበባ አራግፎ አመሻሹ ላይ ገባ። ቅቅል አቀረብኩለት። ገፋው።

"ጾም ነኝ።"

የምን ጾም? ሰኞ ነው እኮ።

"የጽጌ ነዋ። ትናንት ገብቷል።"

ሳቄ አመለጠኝ። ቱፋ? ሁዳዴን እንኳ "መንገደኛ ነኝ" እያለ በጥብስ የሚገድፈው ቱፋ? ጾም ሲገባና ሲወጣ እኔ ከቄስ ቀድሜ ነው የማውቀው፤ ጾም ከገባ ሠርግ የለም፣ ሠርግ ከሌለ ሱቄ ጦሙን ያድራል። ጽጌ ግን የፈቃድ ጾም ነው። ሱቄን ዘግቶብኝ አያውቅም።

ከራት በኋላ ፍራሽ አውርዶ መሬት ላይ አነጠፈ። "ለጾም ይሻላል" አለ። ሰፊው አልጋ ላይ ብቻዬን ተንፈላሰስኩ... ከፋኝ እንዴ? እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ለምን ደስ አለኝ? ሰሞኑን ይሄን ነው የማስበው።

ሃያ ሁለት ዓመት። ዜና አንባቢው አርዕስቱን ሳይጨርስ የሚያልቅ ነገር። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ከዚያ ማንኮራፋት። እኔ ጣራ አያለሁ። የነገ ወጥ አስባለሁ። አክስቴ በሠርጌ ዋዜማ ጆሮዬን ይዛ "ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው፣ ይለመዳል" ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ ተለመደ። መጥፎ ሰው አይደለም ቱፋ። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ሙዝ ይዞልኝ ይመጣል። ልጃችንን ሮሆቦትን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ራሱ ነው የሸኛት። ታዲያ ምኑ ነው የጎደለኝ?

ጓደኛዬ ለሊሴ ከጤና ጣቢያ ስትወጣ ሱቅ ገባች። ነርስ ስለሆነች አፏ አያፍርም። ፍራሹን ነገርኳት።

"ያ ሸጌ፣ ጾሙን የያዘው ለእመቤታችን ነው ወይስ ላንቺ?" አለችኝ፤ አመለሸጋን በኦሮምኛ አቆላምጣ "አንቺ ሸጌ" ማለቷ ነው።

"አፍሽን ያዢ አንቺ!"

"እኔ ጠየቅኩ እንጂ... ድሮስ ደስ ይልሽ ነበር?"

ደስ ይልሽ ነበር ወይ? እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ደግሞ ሰው ይደነግጣል። እሷም ደነገጠች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

የንስሐ አባታችን መጡ። አሁን እነግራቸዋለሁ አልኩ። "አባ፣ ባለቤቴ ጾም አበዛብኝ።"

"እሰይ! እሰይ! እድለኛ ነሽ ልጄ። ስንቷ ባሏን ከመጠጥ ቤት ትጎትታለች፣ አንቺ..."

"አይ፣ አባ፣ ማለቴ..."

"አንቺም አብረሽው ብትጾሚ መልካም ነው።"

እንዲህ ሆኖ አረፈው። ጎረቤቱም ሁሉ "ባልሽ ሊመንን ነው" እያለ ይስመኛል። ጾመኛን ማን ይከስሳል? ለማንስ?

እሑድ፣ ኅዳር 8

ጽጌ ወጣ። ፍራሹ አልተነሳም። "የነቢያት ጾም እስኪገባ ስእለት አለብኝ" አለ። ስእለቱ ምንድነው? "ስእለት አይነገርም።"

ዓርብ፣ ኅዳር 27

ወገቤን አሞኝ ለሊሴ ፍልውሃ ሂጂ አለችኝ። አምቦ ተወልጄ አርባ ስድስት ዓመቴ፣ የፍልውሃው መታጠቢያ ክፍል ገብቼ አላውቅም። የእንግዳ ነገር ይመስለኝ ነበር። ወደ ጎጆ ከተማ የሚሄድ መኪና ዛሬም አልወጣም፤ መንገድ ዝግ ነው ይላሉ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ገበያ የለም። ሱቄን ዘጋሁና ሄድኩ።

በሩን ቆለፍኩ። ገንዳው ሞላ። ገባሁ... ውሃው እስከ አንገቴ። መጀመሪያ እንደ ሌባ ነበር የተቀመጥኩት፣ እጄን እጄ ላይ አድርጌ። ከዚያ ላላሁ። ገላዬን አየሁት። ሳሙና ይዤ ሳልሮጥ፣ እንዲሁ አየሁት። የወለደ ሆድ ነው። ግን የኔ ነው።

የቀረውን ለራሴም አልጽፍም። ብቻ አንድ ነገር መጣ... ከእግሬ ጥፍር ተነስቶ መጣ። ሰው ሲያወራው ውሸት የሚመስለኝ ነገር ነው። ለካ አለ! ለካ እኔም ውስጥ ነበረ!

ሳቅኩ። አፌን በፎጣ አፍኜ ሳቅኩ። የመታጠቢያ ቤቱ ሠራተኛ "እናት፣ ሰዓት ሞላ" ብላ በር ስታንኳኳ ደግሞ እያለቀስኩ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ጣራ ሳይ...

ደስታ ነው ሐዘን? ቤት እስክደርስ መለየት አቃተኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 30

ትናንት ገና ነበር። ጾም የለም፣ ስእለት የለም። አዲስ የሌሊት ልብስ ገዝቼ ነበር፣ እንደ ወይን ጠጅ የቀላ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ? እንግዳው ከሄደ በኋላ አጠገቡ ሄጄ ትከሻውን ያዝኩት።

እጄን አነሳው። ቀስ ብሎ ነው ያነሳው፣ እንደ እቃ።

"ደክሞኛል፣ ሀዳ መና።"

የቤት እናት ማለቱ ነው። ሲያቆላምጠኝ እንዲህ ይለኛል። ቤቱ ቤት ሆኖ ነው?

ከመኪናው በቀር የሚነካው ነገር የለም። ወይም አለ። ሴት ይዟል። ጊንጪ ነው የያዘው፣ ሁሌ እዚያ ነው የሚውለው። እንዴት እስካሁን አልገባኝም?

ዛሬ ደግሞ ረቡዕ ነው። ጾም ብሎ ተገላገለ።

ዓርብ፣ ጥር 16

ጥር መጣ፣ ሱቁ ሞላ። ኡርጂ የምትባል ልጅ ከሸነን ድረስ መጣች ቬሎ ልትለካ። የቬሎውን ወገብ ሳጠብብላት በመስታወቱ አየችኝና "እትዬ፣ ያማል እንዴ?" አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

አፌ ራሱ "ጥርስሽን ነክሰሽ..." ብሎ ጀመረ። አቆምኩት። የአክስቴ ድምፅ ነበር የወጣው።

"አይዞሽ" አልኳት። "ካመመሽ ቆይ በይው። ደስ ካለሽም ንገሪው። አንቺ ካልነገርሽው ማን ይነግረዋል?"

ኡርጂ ቀላች፣ ሳቀች። እኔ ዚፑን ዘጋሁላት። ለሷ እንዲህ የምል ሴት፣ ለራሴ ምን አልኩ? ለቱፋ አንድ ቃል ተናግሬ አውቃለሁ? ስለ ዘይት፣ ስለ ሮሆቦት፣ ስለ ጎረቤት ሳወራ እውላለሁ። ስለዚያ አንድ ቃል የለም።

ቢሆንስ፣ ሌላ ሴት ለያዘ ሰው አሁን ምን ይነገራል?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ትናንት የነነዌ ሁለተኛው ቀን ነበር። ከሰዓት ስልክ ጮኸ። አብራር ነው፣ የጊንጪው እህል ነጋዴ።

"እቴ አመለሸጋ፣ አትደንግጪ።"

አትደንግጪ ሲሉሽ ነው የሚደነገጠው።

"ቱፋ ጭነቱን አሳስሮ ወደ መሪው ሲወጣ ወደቀ። ላቡ ወረደ፣ ራሱን አያውቅም። ለስላሳ በማንኪያ ስናጠጣው ዓይኑን ገለጠ። ክሊኒክ ነን።"

በምን እንደደረስኩ አላውቅም። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ የሮሆቦት እኩያ ትመስላለች። ተቆጣችኝ።

"እናቴ፣ የስኳር መድኃኒት የሚውጥ ሰው እንዴት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾም ይውላል? መኪናው ቢነሳ ኖሮ በየት በኩል ይገኝ ነበር?"

"የምን ስኳር?"

አየችኝ። ከዚያ እሱን አየችው። ቱፋ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ስኳሩ ከጀመረው ሁለት ዓመት ሆኖታል። መድኃኒቱን መኪናው ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ጊንጪ ያለችው ሴት ይቺ ነበረች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ቤት ገባን። "ለምን?" አልኩት።

"መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ።"

"ከነሱ ደብቅ። ከኔስ?"

ጣቱን ቆጠረ። ከዚያ ወለሉን እያየ፣ "ስኳሩ... ያንን ነገር ወሰደብኝ። ወንድነቱን። አንድ ሁለቴ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። አንቺ እንዳታውቂ... ጾም ሲሆን ሰው አይጠይቅም። ጽጌ ትዝ አለኝ።"

ልሳቅ ወይስ ልጩህ? እኔን ፈርቶ እየጾመ ሊሞት! ወደ አልጋ ከመውጣት ከምድር መውጣት ቀሎት!

አልሳቅኩም። ፍራሹን አንስቼ አልጋው ላይ ወረወርኩለት፣ ትራሴን ይዤ ሮሆቦት ክፍል ገባሁ። ያ ሁሉ ቀን ሴት አለው ብዬ ስቃጠል እሱ ያውቅ ነበር። እዚያ ማዶ ተኝቶ ሳለቅስ ይሰማ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ሽማግሌ መጣብኝ! የቱፋ ታላቅ ወንድም ኦቦ ገቢሳ፣ ከጎጆ፣ ሁለት ሰው አስከትሎ። ክፍል እንደለየሁ ማን ነገረው? የጎጆ ብርድ ያዘለ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ተቀመጡ።

"ማሎ እባክሽ፣ ያ አመለሸጋ፣ ምን በደለሽ? ይመታሻል?" አለ ኦቦ ገቢሳ።

"አይ።"

"ይጠጣል?"

"አይ።"

"ሴት አለው?"

"የለውም።" ይሄን እንኳ በኩራት ነው ያልኩት።

"ታዲያ ምንድነው?"

"ጾም አበዛ... ታሞ ደበቀኝ..."

አንደኛው ሽማግሌ ጢሙን ይዞ፣ "ጾመ ብላ ባሏን የከሰሰች ሴት እኔ በዕድሜዬ አላየሁም" አለ። ሳቁ። ፊቴ ነደደ። አፌ ውስጥ ነበር ነገሩ፣ ጥርሴ ጋ ደርሶ ነበር። ሦስት ጋቢ ፊት እንዴት ይወጣል?

ያኔ ቱፋ ተነሳ። "እሷን አትጠይቋት። ጥፋቱ የኔ ነው። ይበቃል።" ምን እንደሆነ ግን እሱም አልተናገረም።

በግ ፈረዱልኝ። ከፋሲካ በኋላ ከጎጆ በግ መጥቶ ይታረድልኛል። ለሊሴ ስትሰማ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። "ለዚህ በሽታ በግ! በየት በኩል ነው የሚዋጠው?"

እነሱን ስሸኝ ቱፋ በሩ ላይ "ሂጂ ብትይም አልቀየምሽም" አለኝ። "ገና ነሽ። እኔ አብቅቶልኛል።"

እሄዳለሁ? የት? ፍልውሃውን ካገኘሁ በኋላ እንደ ድሮው ጣራ ማየት አልችልም። ይሄን አውቃለሁ። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ሁዳዴ። የንስሐ አባት ለቱፋ "አንተ ብላ" አሉት። የምጾመው እኔ ነኝ። ፍትፍት አቅርቤ ሲበላ አያለሁ፤ ያፍራል፣ ይበላል።

መንዳት አቁሟል። ሱቅ ይውላል። በየጠዋቱ ጣቱን ወግቼ ስኳሩን እለካለሁ። ዛሬ ደሙ ከወጣ በኋላም ጣቱን አልለቀቅኩም። እሱም አልሰበሰበውም። ወፍራም ጣት ነው፣ መሪ ያደነደነው። በቀን ብርሃን እጁን ይዤ አላውቅም ነበር...

"ቀዝቃዛ ነሽ" አለኝ።

"ውሃ ነክቼ ነው።"

ጾም ስለሆነ ማንም ከማንም ምንም አይጠብቅም። ለዚያ ይሆን እንዲህ የተቀመጥነው?

አሁንም ሮሆቦት ክፍል ነው የምተኛው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ሃምሳው ውስጥ ነን። ረቡዕም አይጾምም። መሸሸጊያ የለም።

ቬሎ እየተኮስኩ ነበር። ቱፋ ዶቃ የረገፈበትን ጠርዝ ይዞልኛል። ድንገት፣ "ሐኪሟ መድኃኒት አለው ብላለች" አለ። "ግን እንደ ድሮው ላልሆን እችላለሁ።"

"ድሮም ምንም አልነበረም።"

ከአፌ ወጣ። ካውያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቱፋ ጠርዙን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወደ ጓሮ ወጣ።

ገደልኩት አልኩ። አሁን መኪና ተሳፍሮ ወደ ወንድሙ ይሄዳል። ይሄው፣ አለቀ። ሲያልቅ ደግሞ በአንድ ቃል...

ተመለሰ። ፊቱን ታጥቧል። ዓይኑ ቀልቷል።

"ምንም?"

"ምንም።"

"ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ?"

"ሙሉ።"

"አንቺ? ለዶሮ እንኳ ወሬ የማታጪ ሴት? ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም?"

መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳበት እንዲህ ነው የሚሆነው፤ አይጮህም፣ ወርዶ ያያል። ጎንበስ ብሎ የካውያውን ሶኬት ነቀለ።

"እሺ። አሁን ጠየቅኩ። ምን ትወጃለሽ?"

ምላሴ የት ገባ? በቃ ጠፋ። ኡርጂን የመከርኩት አፍ ጠፋ። ቃሉን አላውቀውም፤ በአማርኛም በኦሮምኛም የተማርኩት ቃል የለም። እጁን ያዝኩና ከሱቁ ጀርባ ወደ ቤታችን ወሰድኩት። ሰፊው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥን። በቀን። መጋረጃው ተገልጦ። ያቺን ወፍራም ጣት ይዤ...

"እዚህ?" አለኝ።

"እዚህ። ቀስ።"

"ያማል?"

"አያምም። ቱፋ፣ ቀስ አልኩህ እኮ፣ መኪና አይደለሁም።"

ሳቀ። እንደ ፍልውሃው አልሆነም፣ እዋሻለሁ እንዴ? ለግማሹም አልደረሰ። ሁለቴ ተሳሳተ፣ አንዴ አለቀስኩ፣ እሱም አለቀሰ፤ ስለ ጠፋው ጊዜ ይሁን ስለ ራሱ አልጠየቅኩትም። ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረም። ያየው የነበረው እኔን ነው።

የሱቁ በር ተንኳኳ። "እትዬ! እትዬ አመለሸጋ! ቬሎ ልለካ ነበር!"

ልነሳ ስል ቱፋ ክንዴን ያዘ። ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

"ዛሬ አትነሳም!" ብሎ ጮኸ። "ነገ ነይ!"