ካሳውን ለእኔ ይዘው መጡ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለእንቁ፣ ጅግጅጋ፤

እንዴት ነሽ ልጄ? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ሥራሽ እንዴት ነው? ያ ራስ ምታት ተወሽ? የጅግጅጋን ንፋስ ለመድሽው? እኔ ከናፍቆትሽና ከአባትሽ ሐዘን በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፅሽን ስሰማ እንባዬ ይቀድመኛል። ስለዚህ ቀስ እያልኩ ልጻፈው ብዬ ነው።

ለአባትሽ ቀብር ያልመጣሽው የነፍስ አባታችን እዚያ ስለሚቆም መሆኑን፣ በልጅነትሽም ያደረገብሽን ከነገርሽኝ ወዲህ አንቱ ልለው አልቻልኩም። ለአርባው ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው ተቀምጦ ሳለ መስቀሉን ይዞ መጣ። በልማድ ጎንበስ ልል ነበር። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ «በዚህ በር አትገባም» አልኩት። ሰው ሁሉ ሐዘን አእምሮዋን ነካት አለ። የእድር ሴቶች ስመጣ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ከቅዳሴም የምመለሰው ብቻዬን ነው። አንዳንድ ቀን ከማንም ጋር ቃል ሳልለዋወጥ ይመሻል።

ለደሃ በነፃ ወደሚያማክሩበት ቢሮ ሄጄ ነበር። ዘርፉ የምትባል፣ አንቺን የምታህል ጠበቃ በሯን ዘግታ ሰማችኝ። በልጅ ላይ የተፈጸመ እንዲህ ያለ ወንጀል በሽማግሌ እርቅ አይዘጋም፣ ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው አለችኝ። ይርጋ የሚሉት የጊዜ ገደብ አለ፤ ያንቺ ገና አላለፈም። ለሕክምናሽና ለደረሰብሽ ጉዳት ካሳ መጠየቅም ትችያለሽ። ለሕሊና ጉዳት ሕጉ የሚፈቅደው ገንዘብ ግን በድሮ ጊዜ የተቆረጠ ስለሆነ ዛሬ ዶሮ መግዛቱንም እንጃ። ይህን ስትነግረኝ እሷም አንገቷን ደፋች። ቃል የምትሰጪው ግን አንቺው ነሽ፤ ሴት መርማሪ ትስማኝ ማለት ትችያለሽ።

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን አቶ አብተው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ከዚያ ቄስ ተልከው መጡ። «ሸዋዬ፣ የካህን ገመና አደባባይ አይወጣም። ካሳውን ተቀበይና እርቅ ይውረድ። ልጅቱም ነገ ባል ታገባለች» አሉኝ። ገንዘቡን በፖስታ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እኔም «የተበደለችው ጅግጅጋ ናት፤ እሷን ሳትጠይቁ እኔን የምትክሱኝ ምን ሆንኩ ብላችሁ ነው?» ብዬ መለስኩላቸው። አቶ አብተው «እሰይ፣ ጠበቃ ሆነሽልናል!» ብለው ተሳልቀውብኝ ወጡ። ፖስታውን መልሼ አስይዣቸው በሩን ዘጋሁ።

ልጄ፣ ክሰሺ አልልሽም፤ ተዪውም አልልሽም። ችሎት ላይ የሚጠይቁሽን ሳስብ እፈራልሻለሁ። ከከሰስሽ አብሬሽ ገብቼ እቀመጣለሁ። ከተውሽውም ባንቺ ፈንታ ታርቄ የምቀበለው ነገር የለም። አባትሽን መሰናበት ካማረሽ ደግሞ ነይ፤ እጅሽን ይዤ እስከ መቃብሩ እወስድሻለሁ፤ ማንም ቆሞ ቢያየን ግድ የለኝም።

አብራሽ የምትኖረውን ሉብናን በጣም ሰላም በይልኝ። ከእኔ በፊት እሷ ስለሰማችሽ እግዜር ይስጥልኝ በያት። ለእናቷ ጤና ይስጥልኝ፤ ታናሽ ወንድሟን ሙስዓብን ሳሚልኝ።

እናትሽ ሸዋወርቅ
አዳማ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.