ማንቆርቆሪያው ላይ ያለነው ሦስታችን

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ጠበቃህ ትናንት የሥራ ክፍሌ ድረስ መጥቶ ነበር። «ያንን ነገር አጥፋው ብሎሃል» አለኝ፤ ምን እንደሆነ እሱ የገባው አልመሰለኝም። እኔ ግን ገብቶኛል። መልሴን በሰው አፍ መላክ ስላልፈለግኩ ይኸው እጽፋለሁ። ስታነበው ደምህ እንደሚፈላና የምትመታው ነገር እንደምትፈልግ አውቃለሁ። እዚያ እስር ቤት ከግድግዳ በቀር የምትመታው ስለሌለ ትንሽ ልቤ አርፏል።

እወድሃለሁ። አሁኑኑ ልበለው፣ ኋላ ወኔው ላይኖረኝ ይችላል። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ የአናጺው ልጅ ጥርሴን ሲሰብረኝ፣ አንተ አጥር ጥግ ይዘኸው ጆሮው እስኪደማ በድንጋይ ቀጠቀጥከው። እናታችን ደም የነካውን ሸሚዝህን እያጠበች «ዝም አይነቅዝም፤ የጠየቃችሁ ቢኖር አላየንም በሉ» አለችን። በማግስቱ ያለ ፍርሃት ወጥቼ ተጫወትኩ። ሰፈሩ «መዶሻው» የሚል ስም ሲያወጣልህ ኩራቱ የእኔም ነበር። ጡጫህ የሚያርፈው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ላይ ስለነበር ደግ ነገር ይመስለኝ ነበር።

አድገን አንተ የቤት ዕቃ ነጋዴ፣ እኔ ፎቶ አንሺ ሆንን። ዕቃዎችህን ለማስታወቂያ የማነሳው እናንተ ሳሎን ነበር፤ መስኮቱ ሰፊ ነው። የሚያብለጨልጭ ነገር ማንሳት እንዴት እንደሚያበሳጭ አይተሃል። ማንቆርቆሪያ አስቀምጠህ ስታነሳ ሶፋው፣ መጋረጃውና የራስህ ቦርጭ ሳይቀሩ አብረው ይገባሉ። ስለዚህ እኔና ሚስትህ ዙሪያውን ነጭ አንሶላ እንወጥራለን፣ ለካሜራው ብቻ ቀዳዳ እንተዋለን። የኔ ጥላ እንዳይገባ ደግሞ ካሜራው በራሱ እንዲያነሳ አደርገውና፣ በየሦስት ሰከንዱ አሥር ፎቶ እስኪጨርስ ከሶፋው ጀርባ ቁጢጥ እላለሁ። «ከፎቶ የሚደበቅ ፎቶ አንሺ» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ትሪ ሳነሳ የሚስትህ ክንድ ጠርዙ ላይ ገብቶ ተገኘ። ፎቶውን ሳሰፋው የአራት ጣት ምልክት የተጋደመበት፣ የበለዘ ክንድ ነው። ቀና ብዬ አየኋት፤ አንሶላውን ይዛ ወደ መስኮቱ ታያለች። ምንም አልጠየቅኳትም። ክንዱን ከፎቶው ላይ አጠፋሁትና ትሪው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። አንተም «እጅህ ይባረክ» አልከኝ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፣ ትልቁን ማንቆርቆሪያ እናነሳለን። የቀኝ በኩሉ አንሶላ ታጥቦ አልደረቀም ነበር። «እርጥቡንም ቢሆን ልወጥረው?» አለችኝ። «ተዪው እትዬ፣ የገባውን ኋላ በኮምፒውተር አጠፋዋለሁ» አልኳት። ስንፍና ነው። ቁልፉን ተጫንኩና እንደ ልማዴ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ። የመጀመሪያው ፎቶ ቀጭ ሲል በሩን በርግደህ ገባህ።

«እህትሽ ቤት ማን ሂጂ አለሽ?»

«ነግሬህ ነበር እኮ። ትናንት ማታ፣ እራት ላይ።»

«እኔን ነው ውሸታም የምትይው?»

ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ዕቃዎች መሃል ያንን ወፍራም ብረት ድስት አነሳህ። የመጀመሪያው ጉንጯ ላይ አረፈ። የብረትና የአጥንት ድምፅ አብሮ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር፤ አሁን የሳህን ኮሽታ በሰማሁ ቁጥር ይሰማኛል። ቀጭ። ሁለተኛው ምት ዓይኗ ላይ። ቀጭ። ወድቃ በእጇ መሬቱን ስትደግፍ ጣቶቿን በጫማህ ረገጥክና ሙሉ ክብደትህን ጫንክባቸው። ደሟ እስከ ሶፋው እግር መጣ። በዚያ ሁሉ መሃል አንገቷን አዙራ «ወንድሜ» አለች። አንተን አልነበረም። እኔን ነበር።

አልተነሳሁም። ፈርቼህ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ፍርሃት እንኳ ሰው ይረዳዋል። ያን ጊዜ በጭንቅላቴ ያለፈው ግን፣ ብነሳ ፎቶው ውስጥ እገባለሁ የሚል ነበር። እግዚአብሔር ያሳይህ፣ ሰው እየተገደለ እኔ የማንቆርቆሪያ ፎቶ እንዳይበላሽ እጠነቀቃለሁ። አሥረኛው ቀጭ እስኪል ቆጠርኩ። ስነሳ ድስቱን ጥለህ እያለከለክህ ነበር። «ደረጃ ላይ ወደቀች በል» አልከኝ። ለሐኪሟም ለፖሊስም ያንኑ አልኩ። ሐኪሟ ግን የተረገጡትን ጣቶች እያየች «ደረጃው ጫማ ያደርጋል?» አለችኝ። አንተን ያስያዘችህ እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። የሚስትህ ግራ ዓይን ላይመለስ ጠፍቷል።

ፎቶዎቹን የከፈትኳቸው በሦስተኛው ቀን ነው። አንሶላ በሌለበት በቀኝ በኩል፣ በማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ፣ ሦስታችንም አለን። ጠመም ብለን ቀጥነናል እንጂ መልካችን አይጠፋም። አንተ ድስቱን አንስተሃል። እሷ በእጇ ፊቷን ከልላለች። እኔ ጥጉ ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ ሁለት ጆሮዬን በመዳፌ ይዤ። እጄ ሳላዘው መሥራት ጀመረ፤ ማጥፋት ለምዷል። አንድ ሰው አጥፍቼ እንደጨረስኩ ቀና ብዬ አየሁ። ያጠፋሁት አንተን አልነበረም፤ ራሴን ነበር። አንተ እየመታህ፣ እሷ እየተመታች እንዳላችሁ ናችሁ፣ ሶፋው ጀርባ ግን ማንም የለም። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት ራሴን ተጸይፌው አላውቅም። የነካሁትን ሁሉ ወደ ነበረበት መለስኩት።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። «እትዬ፣ የዚያን ቀን ፎቶ አለ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ሲቀጭ እሰማ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ለመርማሪው አልነገርሽውም?»

በአንድ ዓይኗ አየችኝ። «አንተ አለ ብለህ ካልሰጠህ እኔ ብናገር ምን ዋጋ አለው? ክንዴንም አጥፍተኸው የለ።» ወደ ግድግዳው ዞረች። የዚያ ትሪ ፎቶ ከታተመ በኋላ ማስታወቂያው ላይ አይታው ኖሯል። አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

ዝም ካልኩ ሰኞ ችሎቱ የደረጃውን ወሬ ይዞ እንደሚለቅህ ጠበቃህም አልደበቀኝም። ስትለቀቅ የምትሄደው እዚያው ቤት ነው፣ እዚያው ሳሎን። አንድ ዓይን ቀርቷታል። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ እሷስ የምትሄድበት አጥታ ነው፣ እኔ ግን ከአንተ ጋር የዋልኩት ወድጄ ነው።

ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ መልሴ ይህ ነው። አሥሩንም ፎቶ፣ አንዲት ነጥብ ሳልነካ፣ ዛሬ ጠዋት ለመርማሪው ሰጥቻለሁ። የደረጃው ነገር ውሸት መሆኑንም ተናግሬ ፈርሜያለሁ፤ የሚያስጠይቀኝን እጠየቃለሁ። መርማሪው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየና ጣቱን ጥጉ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን እየሠራህ ነበር?»

«ፎቶ እያነሳሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ያልኩትን እንዳልኩት ጻፈው።

ሰኞ ችሎት ላይ ያው ቃል ፊትህ ይነበባል። እኔም እኖራለሁ።

የእናትህ ልጅ