ጡብ ሲያነጥፉ የኖሩት የአቶ ዝናው ወልዴ የሕይወት ጉዞ

አቶ ዝናው ወልዴ ከአባታቸው ከአቶ ወልዴ አስረስና ከእናታቸው ከወ/ሮ ባንቺአየሁ ይመር በአምባሰል ወረዳ፣ ከውጫሌ ከፍ ብሎ ባለ የገበሬ መንደር፣ ኅዳር 12 ቀን 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ውጫሌ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው ደሴ ሄዱና የግንበኝነት ሙያ ለመዱ።

በ1978 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሕይወት ታረቀኝ ጋር ትዳር መሥርተው ሐይቅ ከተማ ኖሩ፤ ሦስት ልጆችም አፈሩ። የሰው ደጅ ሲያሳምሩ የራሳቸው ግቢ እስከ 2009 ዓ.ም. ጭቃ ነበር፤ ወ/ሮ ሕይወት ይህን እያነሱ መውቀሳቸውን እስከ መጨረሻው አልተዉም።

በ2010 ዓ.ም. አገሩ ሁሉ ስለ ለውጡ ሲያወራ፣ ሲስተር ሙጂባ ሰዑድ የግል ክሊኒካቸውን ግቢ በሸክላ ጡብ እንዲያነጥፉላቸው ጠሯቸው። ሲስተር የጡቡ መገጣጠሚያ በሲሚንቶ ይሞላ አሉ። አቶ ዝናው ግን፣ «ሥሩ አሸዋ ነው፤ አሸዋ ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶው አብሮት ስለማይሄድ ይሰነጠቃል» ብለው አልተስማሙም። ለሙከራ አንዱን ጥግ በሲሚንቶ፣ አንዱን በሐይቁ ዳር አሸዋ፣ ሦስተኛውን በተፈጨ የድንጋይ ደቃቅ ሞልተው ክረምቱን ጠበቁ። ሲሚንቶው ተሰነጠቀ፤ ልሙጡን የሐይቅ ዳር አሸዋ ዝናብ አጠበው። የድንጋዩ ደቃቅ ግን ሹል ስለሆነ እርስ በርሱ ተያይዞ ጸና። ግቢውን ሁሉ ደረቁን ደቃቅ በመጥረጊያ እያስገቡና እየደጋገሙ እየጠቀጠቁ ሞሉት፤ ዳር ዳሩንም በድንጋይ አሰሩት።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ሲቃረብ፣ ሲስተር ሙጂባ አንድ ቀን ረፋድ ላይ እየሮጡ መጡ።

«አቶ ዝናው፣ መድኃኒቱ ሊዘረፍ ነው፤ የት ላድርሰው?»

«ከጡቡ ሥር ነዋ!»

አቶ ዝናው ጡቦቹን አንድም ሳይሰብሩ አነሱ፤ መድኃኒቱን በብረት ሣጥን ቀብረው መልሰው አነጠፉና መገጣጠሚያውን በዚያው ደቃቅ ሞሉ። ዘራፊዎች ክሊኒኩን ባዶ አደረጉት፤ የግቢውን ጡብ ግን ረግጠውት አለፉ። ከዚያ በኋላ ሲስተር አራት አራት ጡብ እያነሱ፣ መድኃኒቱንም እያወጡ፣ በየቤቱ የሚያዋልዷቸውን እናቶችና የደም ግፊት ሕመምተኞችን ረዱ። ከነዚያ እናቶች አንዷ ወ/ሮ ፈሂማ፣ ወንድ ልጃቸውን ይዘው ዛሬ እዚህ መካከላችን አሉ።

ከጦርነቱ በኋላ አቶ ዝናው የፈረሱ ደጆችን ሲያድሱ፣ ሙያውንም ለሌሎች ሲያስተምሩ ቆዩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ኖረው፣ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከባለቤታቸው፣ ከሦስት ልጆቻቸውና ከአምስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር፣ መቃብራቸውን ለመቆፈር ዛሬ ማለዳ ዶማ ይዘው የመጡት ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤቶቻቸውም የእርሳቸው ቤተሰብ ናቸው።

ፈጣሪ ድካማቸውን ቆጥሮ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ ለወ/ሮ ሕይወትም ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።